አሮጌ ሸክላ ፍለጋ ለምትወጡ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከዛገ ብረትና ከተጣመመ ድስት ሥር አንድ ትንሽ የሙዚቃ ሸክላ ብድግ አድርገው በመሀረብ ጠረግ ሲያደርጉት የአሳታሚው ስም ከአቧራው ውስጥ ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ከአምሳ ዓመት በላይ የቆየ ዕቃ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ቤት እንደገባ፣ ስንት ሠርግና ስንት ልደት እንዳደመቀ ማን ያውቃል? ይህን ደስታ ከቀመስኩት ዓመታት አልፈዋል፤ አሁንም አልጠገብኩትም። ወዳጆቼ "የት ነው የምታገኚው? ደህናውን ከተበላሸው በምን ትለዪዋለሽ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን ላካፍል ብዬ ተነሣሁ። በደንብ የማውቀው ሸክላን ስለሆነ ብዙ የምናገረው ስለ እሱ ነው። ሬዲዮና ጠገራ ብርም በፍለጋው መሐል ስለሚያጋጥሙ ስለ እነሱ ጥቂት እላለሁ።

በመጀመሪያ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ከቤት የሚወጣው በአብዛኛው በሁለት ዓይነት ሰዎች እጅ ነው። አንደኛው ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ "ቆራሌው!" እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ነው፤ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ የተቀደደ ጫማ፣ የተበላሸ ሬዲዮ ይገዛል። ሁለተኛው "ልዋጭ!" ባዩ ነው፤ የፕላስቲክ ሳፋና ባልዲ ይዞ ይመጣና በአሮጌ ልብስና ጫማ ይለውጣል። ጠዋት ወጥተው ሰፈር ለሰፈር ሲዞሩ ይውሉና ከሰዓት በኋላ የሰበሰቡትን ይዘው ወደ ምናለሽ ተራና በዙሪያው ወዳሉት ተራዎች ይገባሉ። እዚያ ብረቱ ወደ ብረት፣ ጠርሙሱ ወደ ጠርሙስ ይለያል። ሸክላ ግን ከየትኛውም ወገን አይመደብም፤ ብረት ስላልሆነ በኪሎ የሚገዛው የለም። ስለዚህ አንድ ጥግ ላይ ይጣላል፣ ወይም የልጆች መጫወቻ ይሆናል፣ ወይም በሙቀት አለስልሰው የአበባ ማስቀመጫ ያደርጉታል። ከዚያ ጥግ ቀድሞ መድረስ ነው ዋናው ነገር። እኔ የምሄደው ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ጆንያዎቹ በሚራገፉበት ሰዓት፣ ወይም በማግሥቱ ማለዳ ሱቆች እንደተከፈቱ ነው። ቅዳሜ ገበያው ይደምቃል፤ ነገር ግን ሰው ስለሚበዛ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ማገላበጥ አይቻልም። ማክሰኞና ረቡዕ ይሻላሉ።

የከተማው መለዋወጥም የገበያውን ይዘት ይለውጠዋል። ፒያሳና ካዛንቺስ ያሉ የድሮ ሰፈሮች በፈረሱባቸው ጊዜያት ቡፌው፣ የግድግዳ ሰዓቱ፣ የእንጨት ሬዲዮው ገበያ ወጥቶ አይቻለሁ። ከሰፊ ግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም የሚገባ ቤተሰብ ሁሉን ይዞ መሄድ አይችልም። የማላውቃቸው ሰዎች የሠርግ ፎቶግራፍ ከነክፈፉ መሬት ላይ ተጥሎ ሳይ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። ሸክላውን የማንሣው በከፊል በዚህ ስሜት ነው፤ ቢያንስ አንዱ ነገር የሚወደው ሰው ቤት ይግባ ብዬ።

ከቦታውና ከሰዓቱ ይልቅ የሚበልጠው ግን ከሻጭ ጋር ያለው ትውውቅ ነው። ለአሮጌ ዕቃ የተወሰነ ዋጋ የለውም፤ ዋጋው የሚወለደው በንግግር ነው። እኔ የማዘወትረው ሱቅ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። "ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "ልጄ" ይሉኛል። ሰላምታ ሳይሰጥ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ ሳይጠየቅ ዋጋ አይጠየቅም። መጀመሪያ ቁጭ እላለሁ፣ ሻይ ይታዘዛል፣ ከዚያ በኋላ ነው ክምሩን የምነካው። አንድ ቀን እንደገባሁ "ልጄ፣ ያ የሚዞረው ነገር መጥቶልሻል" ብለው ከጠረጴዛው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ እሽግ አወጡልኝ። ሌላ ሰው እንዳያየው ለእኔ ብለው ያስቀመጡት ነው። ይህን ለማግኘት ዓመታት ወስዶብኛል፤ ገንዘብ ብቻውን አይገዛውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሻጩ ዋጋውን የማያውቀው ሸክላ እጃችሁ ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ? በ1960ዎቹ የታተሙ አንዳንድ የኢትዮጵያ ሸክላዎች በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ከፍተኛ ዋጋ ያወጣሉ። እኔ ለሻጩ እነግረዋለሁ። "ጋሼ፣ ይህኛው ከሌሎቹ ይለያል፣ ፈላጊው ብዙ ነው" እላቸዋለሁ፤ ከዚያም የምችለውን ዋጋ እሰጣለሁ። አንዳንድ ጊዜ ከአቅሜ በላይ ይሆንና ትቼው እመጣለሁ። ሰውን ደካማ ጎኑን አይቶ መግዛት የፍለጋውን ደስታ ያቆሽሸዋል ብዬ አምናለሁ። በዚያ ላይ ጥቅሙ የሁለታችንም ነው፤ አሁን ሸክላ ሲመጣላቸው በዋዛ አይጥሉትም፣ በካርቶን አቁመው ያስቀምጡታል።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ሸክላው ልግባ። ታሪኩን ጥቂት የማያውቅ ሰው ክምር ፊት ቆሞ የሚያየው ጥቁር ክብ ብቻ ነው። በኢትዮጵያዊ ድምፅ የተቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጀርመን አገር ነው የተቀረጹት። እነዚያን በገበያ አግኝቼ አላውቅም። እኛ የምናገኛቸው በአብዛኛው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ የታተሙት፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ናቸው። በዚያን ጊዜ ሙዚቃ በሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ግድም አምሃ እሸቴ የተባለ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የሙዚቃ ነጋዴ ክልከላውን ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ ህንድ አገር ታትመው መጡ፤ በኋላም ቤይሩት ይታተሙ ነበር። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ አንድ መቶ የሚያህሉ ትንንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቆች አሳትሟል። እሱን ተከትለው ካይፋና ሌሎች አሳታሚዎችም ተነሡ፤ ፊሊፕስም የኢትዮጵያ ሙዚቃ ያሳትም ነበር። ከዚያ ካሴት መጣ። ካሴት ርካሽ ነው፣ እዚሁ ይገለበጣል፣ በኪስ ይያዛል፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ሸክላ ማሳተም ቆመ።

ስለዚህ የዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሸክላ ዘመን ከአሥር ዓመት ብዙም አይበልጥም። ይህን ሳውቅ ነው ፍለጋው ትርጉም ያገኘልኝ። እያንዳንዱ ሸክላ የተወሰነ ቁጥር ታትሞ፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ በየሙዚቃ ቤቱ ተሸጦ ያለቀ ነው። የተሰበረው ተሰብሯል፣ ሌላ አይጨመርም። አንዱን ከምናለሽ ተራ ስታወጡ ከጠቅላላው ውስጥ አንዱን አተረፋችሁ ማለት ነው።

በክምሩ ውስጥ የሚገኘው የአማርኛ ዘፈን ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጣሊያን፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የህንድ፣ የሱዳን ሸክላዎች ይወጣሉ፤ አዲስ አበባ የማን የማን መኖሪያ እንደነበረች የሚያሳይ ክምር ነው። የአርመን ፊደል የታተመበት አሮጌ ሸክላ ያገኘሁ ቀን ዘፈኑን ባልረዳውም ደስታዬ ወደር አልነበረውም። አርመኖች ለዘመናዊ ሙዚቃችን ምን ያህል እንደደከሙ ለሚያውቅ ሰው ያ ሸክላ ባዕድ አይደለም።

አመራረጡን እነሆ። ሸክላ የሚያዘው በጠርዙ ነው፤ ጣት መስመሮቹን መንካት የለበትም፣ የእጅ ወዝ አቧራ ይይዛል። ከሱቁ ጨለማ አውጥታችሁ ለፀሐይ ብርሃን አዘንብላችሁ ያዙት። ያን ጊዜ ጭረቱ ሁሉ ይታያል። ጭረት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ በብርሃን ብቻ የሚታይ ጭረት ብዙ ጊዜ ድምፅ አያበላሽም። በጥፍራችሁ ጫፍ በቀስታ ስትዳስሱት የሚያደናቅፍ ከሆነ ግን መርፌውም ይደናቀፋል፤ ሸክላው በዞረ ቁጥር "ጧ" ይላል ወይም ዘፈኑ እዚያው እየተመላለሰ ይቀራል። ቀጥሎ ዓይናችሁ ትይዩ አድርጋችሁ ጠርዙን እያዞራችሁ እዩት፤ ከተጣመመ ይወዛወዛል። ጥቂት መወዛወዝ መርፌው ይችለዋል፣ እንደ ሳህን የጎበጠውን ግን ተዉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ቆሻሻውን ጥሎ ንጹሑን ይመርጣል። አቧራ ይታጠባል። የማይታጠበው መድከም ነው። በተበላ መርፌ ለዓመታት የተጫወተ ሸክላ ጥቁረቱ ይጠፋና አመድማ ይሆናል፤ ምንም ቢወለወል አያብረቀርቅም፣ ሲጫወትም ከዘፋኙ ድምፅ ይልቅ ሹሹታው ይበልጣል። ስለዚህ ጥግ ላይ ባለ አንድ ቦታ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ እዩ፤ ሥሩ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ያ ሸክላ ሕይወት አለው። መሐሉ ላይ ያለውን ቀዳዳም እዩ፤ ዙሪያው የተላላጠ ከሆነ ብዙ ተጫውቷል ማለት ነው።

ከዚያ መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። የአሳታሚው ስም፣ ቁጥሩ፣ የዘፋኙና የዘፈኑ ስም እዚያ አለ። በወረቀቱና በመጨረሻው መስመር መካከል ባለው ለስላሳ ክብ ላይ ደግሞ የተጫረ ወይም የታተመ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ማተሚያ ቤቱ ያስቀመጠው መለያ ነው፣ ከወረቀቱ ቁጥር ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የፎቶግራፍ ሽፋኑ ከነበረበት ዋጋው ከፍ ይላል፤ በዚያን ጊዜ የነበረውን የፀጉር አቆራረጥ፣ ሱሪውን፣ ቦርሳውን የሚያሳዩ ሽፋኖች ለብቻቸው ሀብት ናቸው። የኢትዮጵያ ሙዚቃ በውጭ አገር ከታወቀ ወዲህ የድሮ ሸክላዎች በአውሮፓ እንደ አዲስ እየታተሙ ነው። ድምፃቸው ጥሩ ነው፣ እኔም አለኝ፤ ነገር ግን በድሮ ዋጋ እንዳይሸጡላችሁ ተጠንቀቁ። ጀርባው ላይ ባርኮድ ወይም የድረ ገጽ አድራሻ ካለ የ1960ዎቹ ሊሆን አይችልም።

ሰዎች በወረቀቱ ላይ የጻፉትን ለማንበብም ጊዜ ውሰዱ። በዚያ ዘመን ሸክላ በውሰት ከቤት ወደ ቤት ስለሚዞር ባለቤቱ ስሙን በእስክሪብቶ ይጽፍበት ነበር። "ሰምተህ መልስ" የሚል አለኝ። ከዘፈኑ ስም ጎን "ለእኔ ነው" ተብሎ በቀጭን የእጅ ጽሑፍ የተጻፈበትም አለኝ፤ ማን ለማን እንዳለው አላውቅም፣ ያንን ሸክላ ግን ምንም ቢሰጡኝ አልሸጠውም።

ቤት ሲገባ መታጠብ አለበት። ተጣርቶ የተዘጋጀ ውኃ፣ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ዓይነት፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምሩበት። የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ነጭ ነገር ይተዋል። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ አርጥባችሁ የመስመሩን አቅጣጫ ተከትላችሁ በክብ ጥረጉ፤ ከመሐል ወደ ጠርዝ አትፈትጉት። ወረቀቱ እንዳይነካ። ከዚያ ያለ ሳሙና በዚያው ንጹሕ ውኃ አለቅልቁና ጥላ ውስጥ አቁማችሁ አድርቁ። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ ከትንንሾቹ በፊት የነበሩት ወፋፍራምና ከባድ ባለ 78 ዙር ሸክላዎች የተሠሩት ከሌላ ነገር ነው። አልኮል ያሟሟቸዋል፣ ከእጅ ቢወድቁም እንደ ብርጭቆ ይሰበራሉ። እነሱን በአልኮል አትንኩ።

ማጫወቻው የራሱ ጉዳይ አለው፤ ብዙ ሸክላ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቡና መጠጫ ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት የሚያምር አሮጌ ማጫወቻ ትገዛላችሁ፤ መርፌው ግን አርባ ዓመት ያልተለወጠ ነው። እንዲህ ያለ መርፌ ሸክላውን አይጫወተውም፣ ያርሰዋል። ማጫወቻ ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ለዚህ የሚሆን መርፌ ዛሬ ይገኛል ወይ?" ብላችሁ ነው። የማይገኝ ከሆነ ያን ማጫወቻ ለጌጥ ካልሆነ አትግዙት። መርፌ እየዘለለ ሲያስቸግር ክንዱ ላይ ሳንቲም የማስቀመጥ ልማድ በየቤቱ ነበር፤ ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። የዛሬ ጥሩ መርፌ በ2 ግራም ግድም ክብደት ነው የሚሠራው፤ ሳንቲም ሲጨመርበት መስመሩን ይበላዋል። በእጅ የሚሞላው ባለ ቀንዱ ግራሞፎን ደግሞ ለባለ 78 ዙር ብቻ ነው። የብረት መርፌው አንድ ገጽ ባጫወተ ቁጥር ይለወጣል። ትንሹን ሸክላ እዚያ ላይ ካስቀመጣችሁት በአንድ ጊዜ ያበላሸዋል።

ከአሜሪካ የመጡ ማጫወቻዎች ብዙ ያጋጥማሉ፤ አንዳንዱ አሥመራ፣ ቃኘው የጦር ሰፈር ከነበሩት አሜሪካውያን የተረፈ ነው ተብሎ ይሸጣል፣ አንዳንዱን ዘመድ በሻንጣ ይዞት የመጣ ነው። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ ሶኬት ላይ አትሰኩት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቢደረግለትም ሌላ ችግር ይቀራል፤ የእነሱ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ (60 ኸርዝ)፣ የእኛ 50 ጊዜ (50 ኸርዝ) ስለሚመላለስ በዚህ ልክ የሚዞር የድሮ ሞተር እኛ አገር ይዘገያል። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የነበረበት 37 ተኩል ብቻ ይዞራል። የሴቷ ዘፋኝ ድምፅ የወንድ ይመስላል፣ ዘፈኑም ይጎተታል። ለአንዳንዱ ሞዴል ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለውን ትንሽ ብረት ለ50 ኸርዝ በሚሆን መለወጥ ይቻላል፤ ጥሩ የሬዲዮ ጠጋኝ ቶርኖ ቤት አሠርቶ ሊያስተካክለው ይችላል።

ጠጋኞቹን ካነሣሁ አይቀር፣ የድሮውን ዕቃ የሚያውቁ ጠጋኞች ራሳቸው ውድ ሀብት ናቸው። በየሠፈሩ ጥቂት ቀርተዋል፣ በዕድሜም ገፍተዋል። የምታውቁት ካለ ልጅ ወይም ተለማማጅ ይዛችሁለት ሂዱ። በመስታወት ቱቦ የሚሠሩትን የእንጨት ሬዲዮዎች፣ ፊሊፕሱን፣ ግሩንዲጉን፣ ቴሌፉንከኑን፣ ከእነሱ ሌላ የሚያስተካክላቸው የለም። እንዲህ ያለ ሬዲዮ ስታገኙ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ብላችሁ አትሰኩት። ለብዙ ዓመታት ከቆመ በኋላ ውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች፣ ደርቀው ይሆናል፤ ድንገት ኃይል ሲገባባቸው ይፈነዳሉ፣ ትራንስፎርመሩንም ይዘው ይሄዳሉ። ውስጡ ያለው ኃይል ሰው የሚገድል ስለሆነ ከፍቶ መነካካትም የሚያውቀው ሰው ሥራ ነው። ስትገዙ የምታዩት እንጨቱ በምስጥ አለመበላቱን፣ መስታወቱና የማዞሪያ ቁልፎቹ መሟላታቸውን፣ ከውስጥ ያሉት ቱቦዎች አለመሰበራቸውን ነው።

ጠገራ ብርም በየሱቁ ያሳዩአችኋል። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ባለበት በማርትሬዛ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚል ስላለ "ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው" ይሏችኋል። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ነው ያረፉት፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ነው የቀጠለው። በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተመትቷል። ስለዚህ 1780 ዕድሜውን አይነግራችሁም። ሐሰተኛውን ለመለየት ግን መንገድ አለ፤ እውነተኛው 28 ግራም ግድም ይመዝናል፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ማግኔት አይስበውም፣ ጠርዙ ላይም ዙሪያውን የተጻፈ የላቲን ጽሑፍ አለው። የወርቅና የብር ሠሪ ሚዛን ያለበት ሱቅ አጠገብ ስላለ ማስመዘን ቀላል ነው። የምኒልክን ብር 1887 የሚለውን ካገኛችሁ ደግሞ አታሹት፣ በአመድም በሎሚም አታንጹት። ጥቁረቱ የዕድሜው ምስክር ነው፤ ሰብሳቢም የሚፈልገው እንዲሁ ነው።

እጃችሁን ልትሰበስቡባቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ ጽና፣ አሮጌ ሥዕል፣ የመስጊድ ቅዱስ መጽሐፍ "ከገጠር የመጣ ነው" ተብሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀርብላችሁ አትግዙ። ብዙው ከአንድ ደብር ወይም ገዳም ተሰርቆ የወጣ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ውጭ አገር የምትኖሩና ለዕረፍት የምትመጡ ወገኖቼ በተለይ አስተውሉ፤ አሮጌ የሚመስል ነገር በሻንጣ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሳይታችሁ የፈቃድ ወረቀት ያዙ። ኤርፖርት ላይ ከመከራከር ይሻላል።

ለመጀመር ገበያ መውጣት የግድ አይደለም። ከሁሉ በፊት የራሳችሁን ቤት ፈትሹ። አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ጓዳ ውስጥ ያለው የእንጨት ሳጥን ሳይከፈት ስንት ዓመት ሆነው? አክስቴ "ያ ቆሻሻ" ስትለው ከነበረ ሳጥን ውስጥ የእንጨት ሬዲዮ፣ የሠርጓ ዕለት የተጫወቱ ሸክላዎችና የአጎቴ የእጅ ሰዓት ወጥተዋል። ሸክላውን አጥቤ ሳጫውትላት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ማን ከማን ጋር እንደጨፈረ፣ ማን ሰክሮ እንደተሸኘ፣ ሙሽራው ለምን እንደዘገየ ሳታቋርጥ ነገረችኝ። ቤተሰባችን ውስጥ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ታሪክ ነበር። እናንተም ሽማግሌዎቻችሁ በሕይወት እያሉ አጫውቱላቸው፣ የሚሉትንም በስልካችሁ ቅዱ።

አቀማመጡ ቀላል ነው፤ ሸክላ ይቆማል እንጂ አይደራረብም። ሲደራረብ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ያጎብጠዋል። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት፣ ከምድጃና ከመኪና ውስጥ አርቁት፤ ክረምት ላይ እርጥበት ከሚስብ ግድግዳም ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት፤ የወረቀት ሽፋኑ ይሻግታል። የእያንዳንዱን ወረቀት በሁለቱም ገጽ ፎቶግራፍ አንሡና ቁጥሩን መዝግቡ።

ሌላው የማደርገው ማጫወቻውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ መገልበጥ ነው። ጥሩ መርፌና በውስጡ የራሱ ድምፅ ማጉያ ያለው ማጫወቻ ከሆነ አንድ ገመድ ይበቃል። የሹሹታውን ድምፅ በፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት አትድከሙ፤ ከሹሹታው ጋር የከበሮውና የክራሩ ጥራትም አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ እንደነበረው ያለውን ቅጂ ሳትነኩ አስቀምጡ፣ ማስተካከል ካስፈለገ በሌላ ቅጂ ላይ ሥሩ። እኔ የተገለበጠውን ሁሉ ሸክላውን ለሸጡልኝ ለጋሼ በፍላሽ እወስድላቸዋለሁ። ከሱቃቸው ደጃፍ በትንሽ ድምፅ ማጉያ ያጫውቱታል። ባለፈው ጊዜ ብረት የሚለዩት ልጆች ሥራቸውን ሳያቋርጡ አብረው ሲዘፍኑ ደረስኩ፤ ከጎረቤት ሱቅ አንዲት እናት ደግሞ "የዚህችን ዘፋኝ ሌላውንም እኮ አለኝ፣ ቤት ነው ያለው" ብለው በሚቀጥለው ሳምንት ይዘውልኝ ሊመጡ ቀጠሩኝ።